አሞክሳሲሊኑን መልሺው፣ ቡላን አሙቂው

«ሰላም ላንቺ ይሁን እህቴ። የምጽፍልሽ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጄ ቡላ የሚባል ወርቃማ ሃምስተር (አይጥ መሰል ትንሽ የቤት እንስሳ) አለው። ትናንት ሌሊት በሽቦ መሮጫ ጎማው ላይ ሲሮጥ የኋላ እግሩ ሽቦው መሐል ተቀርቅሮ አገኘነው። ባለቤቴ እንደምንም አላቀቀው። አሁን እግሩ አብጧል፣ እየጎተተው ነው የሚሄደው። አንዱ ጥፍሩ ጋ ደም አለ። ጥግ ይዞ ተኮራምቷል። ልጄ ሊያነሳው ሲል ነከሰው። ባለቤቴን ሐኪም ቤት እንውሰደው ብለው «ለአይጥ? የገዛንበት ብር እኮ ካርድ እንኳ አያወጣም!» አለኝ። ከአገር ቤት የመጣ አሞክሳሲሊን አለኝ። ካፕሱሉን ከፍቼ በውሃ በጥብጬ ልስጠው? ወይስ የልጄን የሕመም ማስታገሻ ታይለኖል? እግሩን በስቴኪኒ ደግፌ በፕላስተር ብጠቀልለውስ? የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ልጄም በለቅሶ አላስተኛ ብሎኛል። — የቡላ ጌታ እናት»

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ በኢሜይል አጠር ያለ መልስ ልኬልሽ ነበር። መድኃኒት እንዳትሰጪው፣ እንድታሞቂው፣ ሲነጋ ደግሞ ሃምስተር የሚያይ ሐኪም ጋ እንድትደውይ ነበር ያልኩሽ። እዚህ ዘርዘር አድርጌ የምጽፈው ለሌሎች ወላጆችም ይጠቅማል ብዬ ነው። አሜሪካ የሚያድጉ ልጆቻችን ሃምስተር፣ ጊኒ ፒግ፣ ጀርቢል እያሉ ያስገዙናል። እኛ ደግሞ ከዶሮና ከበግ በቀር እቤት ያሳደግነው ነገር ብዙም የለም።

ከአሞክሳሲሊኑ ልጀምር። የእግሩ ስብራት ይቆይልሻል፣ አሞክሳሲሊኑ ግን ቡላን በጥቂት ቀን ውስጥ ሊገድለው ይችላል።

እኛ ቤት አሞክሳሲሊን የማይገባበት የለም። ጉሮሮ ታመመ፣ እሱ። ጥርስ አበጠ፣ እሱ። ከአገር ቤት ሲመጣም ከበርበሬው ቀጥሎ ሻንጣ ውስጥ የሚገባው እሱ ነው። የሃምስተር አንጀት ግን ይህን መድኃኒት አይችለውም። ምግቡን የሚያብላሉለት ጥሩ ባክቴሪያዎች አሉ። የፔኒሲሊን ዘር የሆነ መድኃኒት በአፉ ሲገባ እነሱ ያልቃሉ። ቦታው ሲለቀቅለት ክሎስትሪዲየም ዲፊሲል የሚባለው ክፉ ባክቴሪያ ይራባና መርዝ ይረጫል። ከዚያ ተቅማጥ ይከተላል፣ ብዙ ጊዜም ሞት። ፔኒሲሊን፣ አምፒሲሊን፣ አሞክሳሲሊን፣ ክሊንዳማይሲን፣ ሊንኮማይሲን፣ ኤሪትሮማይሲን፣ ሁሉም ለሃምስተር የተከለከሉ ናቸው። ጊኒ ፒግና ቺንቺላም እንደዚያው። ይህን የምዘረዝርልሽ ግራ የሚያጋባ ነገር ስላለ ነው፤ አይጥ ያላት ጓደኛሽ «ለእኔዋ ሐኪሙ አሞክሳሲሊን ሰጥቷታል» ብትልሽ ውሸቷን አይደለም። አይጥ ትችለዋለች፣ ሃምስተር አይችለውም። ቁስሉ አንቲባዮቲክ ካስፈለገው ሐኪሙ ለአንጀቱ የማያሰጋውን መርጦ ይሰጠዋል።

ታይለኖሉንም ወደ ቦታው መልሺው። ቡላ ቢበዛ 150 ግራም ቢመዝን ነው። ልጅሽ 30 ኪሎ ቢሆን፣ ሁለት መቶ ቡላ ማለት ነው። እንዲህ ላለ ገላ ሽሮፕ በማንኪያ ቀርቶ በጠብታም በግምት አይለካም። አድቪል (አይቡፕሮፌን) ደግሞ ሆዱንና ኩላሊቱን ይጎዳል። ለሃምስተር የሚሆን ማስታገሻ አለ። ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ሜሎክሲካም የሚባለውን በክብደቱ ልክ አስልተው ይሰጣሉ። የጎረቤት ውሻ የተረፈውን ግን እንዳትሞክሪ፤ የውሻው ጥንካሬው ሌላ ነው።

የስቴኪኒው ሐሳብ አሳቀኝም አሳዘነኝም። የወጌሻ አገር ልጆች ነንና እግር ሲታጠፍ መጠገን ያምረናል። ነገር ግን ሃምስተር ያሰርሽበትን ነገር ሁሉ ያኝካል። ፕላስተሩን ይበላዋል፣ ቁርጥራጩም አንጀቱን ሊዘጋው ይችላል። አጥብቀሽ ካሰርሽው ደም አይደርሰውም፣ እግሩ ይደነዝዛል፤ የደነዘዘ እግር ደግሞ የራሱ አይመስለውምና እሱኑ ያኝካል። ሐኪሞች እንኳ ለሃምስተር እግር ድጋፍ ማሰር ብዙም አይወዱም። ቅባትም አትቀቢው። የቀባሽውን ሁሉ ልሶ ስለሚውጠው ቅባቱ ላይ ያለው አንቲባዮቲክ ዞሮ ዞሮ ያው አንጀቱ ይገባል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ከምትገምቺው ያነሰ ነው።

ኬጁ ውስጥ ያለውን ጎማ፣ መሰላል፣ ፎቅ፣ ቱቦ ሁሉ አውጪ። ወይም አየር የሚያስገባ ሰፊ የፕላስቲክ ሳጥን አዘጋጂ። ከሥሩ የኩሽና ሶፍት ቀዳደሽ ጎዝጉዢለት። ጥጥ አይሁን። ለሃምስተር ተብሎ የሚሸጠው ደመና የመሰለ ለስላሳ ጉዝጓዝም አይሁን፤ ክሩ እግሩ ላይ ይጠመጠምና ሁለተኛ ጉዳት ያመጣል። ከድሮ ጎጆው አንድ ጭብጥ ጉዝጓዝ ጨምሪለት፣ የራሱን ሽታ ሲያገኝ ይረጋጋል። ሳጥኑን ጨለም ያለና ጸጥ ያለ ቦታ አስቀምጪ። ልጅሽም በየአምስት ደቂቃው ክዳኑን እንዳይከፍት ንገሪው።

ሙቀት ወሳኝ ነው። የደነገጠና የተጎዳ ትንሽ እንስሳ ቶሎ ይቀዘቅዛል። አንድ የውሃ ጠርሙስ ለብ ባለ ውሃ ሙዪና ካልሲ አልብሰሽ በሳጥኑ በአንድ ጎን አስተኚው። የሕፃን ጡጦ እንደምትሞክሪው ክንድሽ ላይ ሞክሪው፤ ላንቺ ደስ የሚል ሙቀት ለእሱም ይሆናል። ሌላው ጎን ባዶ ይሁን፣ ሲሞቀው መሸሻ ያስፈልገዋል። ሳጥኑን በሙሉ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ላይ መጣድ አይሆንም።

ጥፍሩ እየደማ ከሆነ በንጹህ ጎዝ ለጥቂት ደቂቃ ሳትለቂ መጫን ነው። እምቢ ካለ ጥፍሩ ጫፍ ላይ ብቻ የበቆሎ ስታርች ወይም ዱቄት ጠቅ ይደረግበታል። ክፍት ቁስል ላይ ግን ዱቄት አይነስነስ። ቁስል ካለ ፈልቶ በቀዘቀዘ ግማሽ ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ ያልሞላ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሚና ጠብ ጠብ እያደረግሽ ማጠብ ይበቃል። አልኮልና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሥጋውን ያቃጥሉታል። እሱን ራሱን ውሃ ውስጥ መንከር ደግሞ ለብርድ መስጠት ነው።

ስለ ንክሻው። ቡላ ጠባዩ አልከፋም፣ አሞታል። ማንሳት ግድ ከሆነ በእጅ አትከተሉት። አንድ ማግ ከፊቱ አጋድማችሁ ከኋላ በፎጣ ቀስ ብላችሁ ብትገፉት ራሱ ይገባል፤ ጨለማ ጉድጓድ ይወዳል። የልጅሽን ጣት በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ደህና አድርገሽ እጠቢ፤ ቢቀላ ወይም ቢያብጥ ለሐኪሙ ደውዪ፣ የቴታነስ ክትባቱንም ጠይቂ። የእብድ ውሻ በሽታ ስጋት ሳይገባሽ እንደማይቀር እገምታለሁ። ሃምስተርና መሰሎቹ በዚያ በሽታ ተይዘው የሚገኙት እጅግ አልፎ አልፎ ነው፤ ወደ ሰው አስተላለፉ ተብሎም አይታወቅም። ስለዚህ በዚህስ ተኚ።

አንድ ነገር ግን በግርግሩ መሐል ሳታስተውይው አልፈሽዋል። ነፍሰ ጡር ነሽ። ሃምስተር ከተራ የቤት አይጥ የሚይዘው ኤልሲኤምቪ የሚባል ቫይረስ አለ። ሃምስተሩ ምንም ላይመስል ይችላል፤ ጽንስን ግን ይጎዳል። ያጋጥማል ማለቴ አይደለም። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ሲዲሲ ግን ነፍሰ ጡሮች ከእንደዚህ ዓይነት እንስሳት፣ ከሽንታቸውና ከጉዝጓዛቸው እንዲርቁ ይመክራል። ኬጁ ካንቺ መኝታ ቤት ውጭ ይሁን። ማጽዳት፣ ማንሳት፣ መድኃኒት መስጠት ያንቺ ሥራ አይደለም። እስካሁን ነክተሽው ከሆነም በሚቀጥለው ቀጠሮሽ ለሐኪምሽ ንገሪያት። እንግዲህ «ለአይጥ?» ያለው ባለቤትሽ ነርስ ሆነ ማለት ነው፤ ከላይ «አድርጊ» ያልኩሽን ሁሉ ለእሱ አንብቢለት።

ነርሱ የሚከታተለው ምግቡን ነው። የውሃ ጠርሙሱ ከፍ ብሎ የተሰቀለ ከሆነ በሦስት እግሩ ቆሞ ላይደርስበት ይችላል፤ በማሰሮ ክዳን ውሃ አጠገቡ ይቀመጥለት። አንድ ስስ የኪያር ቁራጭም ውሃ ይሰጠዋል። ደረቅ ምግቡን በውሃ አርሱለት። የተቀቀለ እንቁላል ትንሽ፣ ወይም ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የሌለበት የሕፃን የአትክልት ምግብ በጣት ጫፍ ያህል ይሆናል። እናንተ ከምትበሉት ወጥ ምንም አይቅመስ። በሲሪንጅ በግድ ማጉረስ ሐኪም ካላሳየው አይሞክረው፤ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል።

ሰው የሚታለልበት ነገር ይኼ ነው። ጠዋት ሳህኑ ባዶ ሲሆን «ተመስገን በላ» ይባላል። ሃምስተር ምግቡን በጉንጩ ኪስ አጭቆ ወስዶ ይደብቃል። ባዶ ሳህን ምንም አይነግርሽም። የሚነግርሽ ሚዛን ነው። የኩሽና ሚዛን ላይ ጎድጓዳ ሳህን ይቀመጥ፣ ዜሮ ይደረግ፣ ቡላ ይግባበት፣ ግራሙ በየቀኑ በአንድ ሰዓት ይጻፍ። 140 የነበረው 126 ከገባ ክብደቱን አንድ አሥረኛ አጥቷል፤ ያኔ ሳይዘገይ ለሐኪሙ መደወል ነው። ኩሱንም ይዩለት። ደረቅና ጥቁር ፍሬ ከሆነ ደህና፤ ከቆመ ወይም ጭራው ሥር ከረጠበ አይደለም።

ሲነጋ ከሚደረገው ይልቅ ሌሊቱን መሄድ የሚያስፈልግበት ጊዜም አለ። አጥንቱ ቆዳ ቀዶ ከወጣ፣ ደሙ አሥር ደቂቃ ተጭኖ ካልቆመ፣ መዳፉ ከቀዘቀዘ ወይም ከጠቆረ፣ ሁለቱንም የኋላ እግሮቹን የሚጎትት ከሆነ፣ አፉን ከፍቶ ከተነፈሰ፣ ሰውነቱ ዝሎ ከቀዘቀዘ፣ ወይም የራሱን እግር ማኘክ ከጀመረ አትጠብቁ።

ስትደውይ «ሃምስተር ታያላችሁ?» ብለሽ ጀምሪ። እዚህ አገር አብዛኛው የእንስሳት ሐኪም ውሻና ድመት ነው የሚያየው። ሃምስተር፣ ወፍና ተሳቢ የሚያዩት ኤግዞቲክ ይባላሉ። ሃያ አራት ሰዓት የሚሠሩት ኢመርጀንሲዎችም ሁሉም አይቀበሉም፤ መኪና ከማስነሳትሽ በፊት ጠይቂ። የምርመራው ስንት ነው፣ የራጁስ ስንት ነው ብለሽም ዋጋውን በስልክ ጠይቂ። ይሉኝታ አይያዝሽ። በእንስሳት ክሊኒክ ስልክ ስመልስ በቆየሁበት ጊዜ ዋጋ የጠየቀ ሰው ላይ ማንም ሲቆጣ አላየሁም። ሳይጠይቅ መጥቶ ደረሰኙ ላይ ሲደነግጥ የሚቸገረው ግን ብዙ ነው።

አሁን ወደ ባለቤትሽ ክርክር። ግማሹን እደግፈዋለሁ። ደሞዝ ያለው፣ የቤት ኪራይ ያለበት፣ ሁለተኛ ልጅ የሚጠብቅ ቤተሰብ ለሃምስተር ወጪ ገደብ ቢያወጣ ጨካኝ አይባልም። እዚያው ሐኪሙ ፊት «ከዚህ በላይ አንችልም፣ በዚህ ብር የሚሻለው ምንድን ነው?» ማለት ይቻላል። ጥሩ ሐኪም ከዚያ ተነስቶ ያማክራችኋል። ራጁን ትቶ በእጁ ዳስሶ ማስታገሻ ብቻ ሊሰጠው ይችላል። ማትረፍ ካልተቻለም ያለ ስቃይ በመርፌ እንዲያርፍ ማድረግ አለ። ይህም ሕክምና ነው።

የማልደግፈው ሌላውን ግማሽ ነው፤ ዝም ብሎ ጥግ ላይ እስኪሞት መጠበቁን። ሃምስተር አይጮህም። የሚታደን እንስሳ ስለሆነ ሕመሙን መደበቅ ተፈጥሮው ነው። ጸጥ ማለቱ ዳነ ማለት አይደለም። ዓይኑን ጨፈን ጨፈን ካደረገ፣ ጀርባው ከጎበጠ፣ ፀጉሩ ከቆመ፣ አሞታል። የተገዛበት ዋጋ ትንሽ ስለሆነ ሕመሙ ያንሳል ማለት አይደለም።

(«አይጥ» ማለቱን በተመለከተ ብዙም አልተሳሳተም፣ ዘመዳሞች ናቸው። የቡላ አገር ግን ሶርያ ነው። በ1930 በኢየሩሳሌም የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሊቅ እስራኤል አሃሮኒ አሌፖ አካባቢ ከስንዴ ማሳ ውስጥ አንዲት እናት ከነልጆቿ አስቆፍሮ አወጣ። ዛሬ በየቤቱ ያሉት ወርቃማ ሃምስተሮች ከሞላ ጎደል የእነዚያ ዘር ናቸው። ባለቤትሽ፣ ቡላ ስደተኛ መሆኑን ሲሰማ ምናልባት ይራራለት ይሆናል።)

ራጁ ላይ ከጉልበቱ በታች የተሰበረና ቆዳው ያልተቀደደ ሆኖ ከተገኘ ብዙ ጊዜ ሕክምናው ዕረፍት ነው። ሽቦ የያዘው ሃምስተር ብዙውን ጊዜ የሚሰበረው እዚያው ጋ ነው። ማስታገሻ፣ ዝቅ ያለ ሳጥን፣ ጎማ የለም፣ መውጣት የለም፣ ለሦስት ሳምንት አካባቢ። የእነዚህ አጥንት ቶሎ ይገጥማል። ቆልመም ብሎ ሊገጥም ይችላል፣ ግን ይሄድበታል። አጥንቱ ከወጣ ወይም እግሩ ከሞተ ሐኪሙ መቁረጥን ሊያነሳ ይችላል። ይህ ላንቺ ሲሰማ ይከብዳል፤ ሃምስተር ግን በሦስት እግር ደህና ይኖራል፣ ይቆፍራል፣ ጉንጩን ይሞላል። ማደንዘዣ የሚወስድ ከሆነ እንደ ሰው ሌሊቱን ሙሉ እንዳይበላ አትከልክሉት። ሃምስተር አያስመልሰውም፣ ጉልበቱም ቶሎ ይደክማል፤ ስንት ሰዓት ምግብ ይነሳ የሚለውን ሐኪሙ ይንገራችሁ። ዕድሜውንም አስቡበት። ሃምስተር የሚኖረው ሁለት ወይ ሦስት ዓመት ነው። የስድስት ወር ቡላና የሁለት ዓመት ቡላ አንድ ዓይነት ውሳኔ አይገባቸውም።

ልጅሽን አትዋሺው። ሐኪም ጋ ይዛችሁት ሂዱ። ግራሙን ደብተር ላይ መጻፍ የእሱ ሥራ ይሁን፤ ሥራ የያዘ ልጅ ለቅሶው ይቀንሳል። ቡላ ካልተረፈ ደግሞ «ሞተ» በሉት። «ተኛ» ካላችሁት ማታ ራሱ መተኛት ሊፈራ ይችላል። እሱ ትምህርት ቤት እያለ በሌላ ወርቃማ ሃምስተር ቀይራችሁ «ዳነ» የማለት ሐሳብ የሚመጣላቸው ወላጆች አሉ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ያውቃል። ከዳነም «ብቻውን ከፋው» ብላችሁ ጓደኛ እንዳትገዙለት፤ ያደጉ ወርቃማ ሃምስተሮች አንድ ቤት ሲገቡ ይናከሳሉ፣ ይገዳደላሉም።

ጎማውን በተመለከተ፣ ሐኪሙ ሲፈቅድ አዲስ ይገዛለት። ሃምስተር ሌሊት ሳይሮጥ አይሆንለትም። መሮጫው ወለል ያለ ቀዳዳ፣ ያለ ሽቦ፣ ድፍን መሆን አለበት። የክቡ ስፋት ከዳር እስከ ዳር ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር፣ ለትልቅ ሃምስተር 28 ቢሆን ይሻላል፤ ሲሮጥ ጀርባው ወደ ላይ ከጎበጠ ጠቦታል ማለት ነው። ወለሉ ሽቦ የሆነ ኬጅ ካላችሁም እሱም ይቀየር። አሮጌውን ጎማ ግን «ለሌላ ልጅ ይሆናል» ብለሽ ለማንም እንዳትሰጪው፤ ባለቤትሽ ቆልምሞ ይጣለው።